መለየት በምን ይጸናል? የሽቦ አልባ መረብ ጠባይና የጣና ገዳማት ጥያቄ

ሰው ከዓለም ተለየ የሚባለው ከምን ሲርቅ ነው የሚለው ጥያቄ በጣና ሐይቅ ዙሪያ አዲስ አይደለም። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ በደሴት ላይ መመሥረታቸው ራሱ ለጥያቄው የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ይኸውም ውኃ በመሐል ከገባ መነኩሴው ከገበያው ጫጫታ፣ ከሸንጎው ክርክርና ከዘመድ ወዳጅ ጥሪ ይለያል የሚል ነው። ዛሬ ግን የባሕር ዳር ዳርቻ በዓይን በማይታይና በጆሮ በማይሰማ የሬዲዮ ሞገድ የተሞላ ስለሆነ፣ ሞገዱም ቅጥርንና ውኃን ተሻግሮ ስለሚሄድ፣ የመለየት ትርጉም እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህ ምርመራ በተለምዶ ዋይፋይ የሚባለው የሽቦ አልባ የአካባቢ መረብ ከብዙ የፍልስፍና ምሳሌዎች ይልቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ድንበር ከምን እንደሚሠራ በአሠራሩ ያሳያል።

የአካባቢ መረብ ማለት በአንድ ቤት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚገኙ ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ማተሚያዎች እርስ በርሳቸው መረጃ የሚለዋወጡበት ትስስር ሲሆን፣ ሽቦ አልባ የሚሰኘው ትስስሩ በገመድ ፈንታ በሬዲዮ ሞገድ ሲፈጸም ነው። ብዙ ሰው ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ይናገራል፤ ነገር ግን ዋይፋይ ከስልኩ እስከ ራውተሩ፣ ማለትም ሞገዱን እስከሚያሠራጨው መሣሪያ፣ ያለው አጭር መንገድ ብቻ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ከራውተሩ ጀርባ በፋይበር ወይም በሌላ መስመር ወደ ዓለም የሚዘልቀው ረጅሙ መንገድ ነው። ጽሑፍም ሆነ ድምፅ ወይም ምስል አስቀድሞ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩም ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ ማሠራጫውም የሞገዱን ቅርጽ በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጠ እሽጎቹን በአየር ይልካል። ሞገዱ በአብዛኛው በሴኮንድ 2.4 ቢሊዮን ወይም 5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም 2.4 ጊጋኸርዝ እና 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። የመጀመሪያው ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ ያረጠበው ቅጠል፣ የሰውም ገላ ሞገዱን ያደክሙታል እንጂ እንደ መጋረጃ ቆርጠው አያስቀሩትም።

ሞገዱ የሚሄድበት አየር የማን ነው? የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 አንዳንድ የድግግሞሽ ክልሎችን ማንም ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ክፍት ስላደረገ፣ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ መንገድ ስለተከተሉ፣ የዋይፋይ መሠረት የሆነው የመጀመሪያው የ802.11 ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የዚህ አየር ባለቤት ሁሉም ሆነ፤ ሁሉም ባለቤት የሆነበት ነገር ደግሞ ያለ ሥርዓት አይጠበቅም። የሥርዓቱ መነሻ በደሴቶች መካከል መገኘቱ ለጣና አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በኖርማን አብራምሰን መሪነት በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን ከዋናው ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ ያገናኘው አሎሃኔት የተባለ መረብ ሥራ ጀመረ። በዚያ መረብ ማንኛውም ጣቢያ በፈለገው ጊዜ ይልካል፤ የሁለት ጣቢያዎች ቃል ከተጋጨ ግን መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ አይመለስም፤ ላኪውም በዕጣ የወጣለትን ያህል ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይልካል።

ዋይፋይ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ማንኛውም መሣሪያ ከመናገሩ በፊት አየሩን ያዳምጣል፤ ሌላው እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል፤ ዝምታ ከሆነ በኋላም ወዲያው አይጀምርም፤ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ እጅ በሚቆጠር የዕጣ ጊዜ ይቆያል፤ ያለ መልስ ከቀረም ቀጥሎ የሚጠብቅበትን የዕጣ ወሰን ያሰፋዋል። ምክንያቱም ጥልቅ ነው፦ አንድ ሬዲዮ በሚናገርበት ቅጽበት የራሱ ድምፅ ጆሮውን ስለሚሞላው በዚያው ድግግሞሽ ሌላውን ሊሰማ አይችልም፤ ስለዚህ ስሕተቱን ሲናገር ስለማያውቀው አስቀድሞ ዝም ብሎ መስማት ግዴታው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዐሥሩ የቅድስና መዓርጋት የመጀመሪያው ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ፣ ሁለተኛውም ልባዌ፣ ማለትም ልብ ማለትና ማስተዋል፣ ሦስተኛውም ጣዕመ ዝማሬ መሆኑ በዚህ ላይ ሲታሰብ የቅደም ተከተሉ ብርታት ይታያል። ዜማ ከዝምታና ከማስተዋል በፊት አልተቀመጠም። መሣሪያ መንፈሳዊ መዓርግ የለውም፤ ነገር ግን ብዙዎች በአንድ አየር በሚኖሩበት ቦታ ሁሉ ዝምታ የንግግር መሠረት መሆኑን ቅዱሳን በተጋድሎ፣ መሐንዲሶችም በስሌት ደርሰውበታል።

ከዚህም የሚበልጠው ስለ መግባት ያለው ትምህርት ነው። ራውተር በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል ስሙን ያውጃል፤ በባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ካሉ መናፈሻዎች በአንዱ የተቀመጠ ሰው የስልኩን ዝርዝር ሲከፍት የሆቴሎች፣ የካፌዎችና የግለሰብ ቤቶች መረቦች ስም በአንድ ገጽ ተደርድሮ ያያል። ሁሉም ወደ እጁ ደርሰዋል፤ ሆኖም ከአንዱም ጋር አልተገናኘም። ለመግባት ስልኩ ይጠይቃል፣ ራውተሩም ይቀበላል፣ ከዚያም ሁለቱም የይለፍ ቃሉን እንደሚያውቁ እርስ በርሳቸው በስሌት ያረጋግጣሉ፤ የሚደንቀውም ቃሉ ራሱ በአየር ላይ አለመላኩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚላከው ሁሉ በምስጠራ ስለሚሸፈን፣ ቁልፍ ያለውና የሌለው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንዱ ሞገድ ለሁለቱም እየደረሰ፣ አንዱ ትርጉሙን ሲያገኝ ሌላው ትርጉም የለሽ ድምፅ ብቻ ይቀበላል። እንግዲህ ውስጥና ውጭ የሚባለው የቦታ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ድንበሩ የተሠራው ከፈቃድና ከቁልፍ ነው። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምም ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ መቅደሱን በክብ ከብበው ሲሠሩ የቅዳሴው ዜማ ሦስቱንም አልፎ ደጅ ለቆመው ይሰማል፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ግን ራሱን ያዘጋጀው ነው።

የመነኮሳት መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ስለ ሐሳብ ትግል አብዝተው መናገራቸው ድንበሩ የቦታ ካለመሆኑ የተነሣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በኣት የገባ ሰው ዓለምን በእግሩ ቢተዋትም በልቡ ሊጠራት ይችላል። በዚህ ረገድ ስልክ አንድ የሚያስተምር ጠባይ አለው፦ ዋይፋዩ ክፍት ሆኖ ሳለ ከማንም ጋር ባይገናኝ እንኳ አካባቢውን እየጠየቀ ይፈልጋል፤ በተለይ የቀድሞዎቹ ስልኮች ከዚህ በፊት የገቡባቸውን መረቦች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ይፈልጉ ስለነበር፣ በአጠገብ የሚያዳምጥ ሌላ መሣሪያ ባለቤታቸው ወዴት ይመላለስ እንደነበር ሊያውቅ ይችል ነበር። በደሴት ላይ ሆኖ የተወውን ቤት ስም የሚጠራ መሣሪያ አልተለየም፤ ርቋል እንጂ።

ታዲያ ውኃው ከንቱ ነበር? አልነበረም። ሞገድ ምንም በማያግደው ክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ርቀቱ እንደገና እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም፤ ከአካባቢው ሁካታ በታች ዝቅ ይልና ተቀባዩ ሊለየው ያቅተዋል። የደሴቱ ውኃም ዓለምን አላጠፋትም፤ የመነኩሴው ምርጫ ሊቋቋማት እስኪችል ድረስ አደከማት። ቦታ ያግዛል፣ ፈቃድ ይለያል። ቦታ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ከዳጋና ከደቅ ጉርብትና በላይ የሚያስረዳ የለም። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡበት፣ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ገዳም ሲሆን፣ በቅርቡ ያለው የደቅ ደሴት ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት መንደር ነው። የታመመ ልጅ ወደ ባሕር ዳር ለማሻገር ጀልባ የሚጠራ የደቅ አባት መረብ ያስፈልገዋል፤ በኣቱን የዘጋ የዳጋ መነኩሴ ደግሞ አያስፈልገውም። በደቅ የሚቆም የሞባይል ማማ ሞገዱን ለሁለቱም ይልካል፤ ሞገድ ገበሬን ከመናኝ አይለይም። ስለዚህ የመነኩሴውን ዝምታ ለማክበር የገበሬውን ጥሪ መከልከል ፍትሕ ሊሆን አይችልም፤ መለየቱ በተቀባዩ ፈቃድ መጽናት ይኖርበታል።

ፈቃድ የሌለበት ዝምታ ምን እንደሆነ ባሕር ዳር ታውቃለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ከላይ የተጠቀሰው የዋይፋይና የኢንተርኔት ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ራውተር ከጀርባው ያለው መስመር ቢዘጋም ስሙን ማወጁን፣ ስልክ መቀበሉን፣ ማረጋገጡን አይተውም፤ በአንድ መረብ ያሉ ሁለት ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፣ ከእነሱ ወዲያ ግን መንገድ የለም። ተማሪው ከመምህሩ፣ ነጋዴው ከደንበኛው፣ እናት በውጭ አገር ካለ ልጇ የተቆረጠችበትን ይህን ዝምታ ከገዳሙ ዝምታ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ቢኖር ትልቁን ነገር ስቷል። ለምንኩስና የመጣ ሰው በረድእነት እያገለገለ የሚፈተነው ፈቃዱ የራሱ መሆኑ እንዲታወቅ ነው፤ ተገድዶ ዝም ያለ ሰው ዝም ተሰኘ እንጂ ጽማዌን አልያዘም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። በደሴቶቹ ላይ መረብ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን በየገዳሙ የሚወስነው ማኅበሩ ሊሆን ይገባል፤ አስጎብኚውም፣ በጎ አድራጊውም፣ የቴክኖሎጂ ነጋዴውም ማኅበሩን ሳይጠይቅ በገዳም ቅጥር ራውተር ሊተክል አይገባውም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ክብራን ወይም ወደ ዳጋ የሚሻገር ምእመንም ሆነ ጎብኚ ወደቡ ላይ ከመውረዱ በፊት የስልኩን ዋይፋይና የስልኩን ድምፅ ይዝጋ፤ ተመልሶ ጀልባው ላይ ሲወጣ ይክፈተው።