የደም ምልክትና ባለቤትነቱ
በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የተነሣው ትኩሳት በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ቢመስልም፣ በኋላ ካላዛር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍና ካልታከመ የሚገድል በሽታ፣ መሆኑ ታወቀ። ለዚህ በሽታ የሚያገለግለው አር ኬ 39 የተባለው ፈጣን መመርመሪያ በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካልን፣ ይኸውም ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ፕሮቲን፣ ይፈልጋል። መመርመሪያውን የሠራ ሰው የድካሙ ዋጋ በእርግጥ ይገባዋል፤ ነገር ግን በደሙና በበሽታው መካከል ያለው ግንኙነት ከፍጥረት የተገኘ እንጂ ማንም የፈለሰፈው ስላልሆነ፣ በእርሱ ላይ ፓተንት፣ ማለትም ሌላውን የመከልከል መብት፣ መስጠት አግባብ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ማዮና ፕሮሜቴየስ በተባሉ ተቋማት ክርክር ወደዚሁ አሳብ ደርሷል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በሰው አካል ላይ የሚፈጸመውን የምርመራ ዘዴ ከፓተንት ውጭ ሲያደርግ፣ ለዘዴው የሚያገለግለውን ምርት ግን አልከለከለም፤ ክፍፍሉ ትክክል ቢሆንም፣ ዘዴው ነፃ ሆኖ መሣሪያው ከተወደደ የሊቦ ገበሬ ከሕጉ የሚያገኘው ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው።