ስለ ቀድሞው አዛዥና ስለ አዲሱ መርከብ

ሹመት ኃላፊ፥ ዕውቀት ግን ነዋሪ መሆኑን ሁላችንም በአፋችን እንናገራለን። ነገር ግን ሹመቱ ያለፈበትን፥ ዕውቀቱ ግን የቀረለትን ሰው በምን ቦታ ልናስቀምጠው እንደሚገባ ስንጠየቅ መልሳችን ይዘበራረቃል። አንዱ «ዘመኑን ጨርሷል፥ ይረፍ» ይላል፤ ሌላው «ያለ እርሱ ምን ይሠራል?» ይላል። ሁለቱም ዐሳብ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውምና በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንመለከተው ወደድን።

ነገሩ ይገለጥ ዘንድ በምሳሌ እንጀምር። አዲስ መርከብ ተሠርቶ ወደ ውሃ የሚገባበት ቀን ደረሰ እንበል። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል፤ ባለሥልጣኖች ተሰብስበዋል፤ ወጣቱ አዛዥ ከመርከቡ ላይ ቆሟል። ከተጋበዙት መካከል ቀድሞ የሌላ መርከብ አዛዥ የነበረ፥ አሁን ግን ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጧል። ይህ ሰው በዚያ ቀን ምን ሊያደርግ ይገባዋል? አዲሶቹስ ከእርሱ ምን ሊፈልጉ ይገባቸዋል?

ከባሕር እጅግ በራቀው በፍኖተ ሰላም ሆነን ስለ መርከብ መናገራችን ያስገርም ይሆናል። ሆኖም ምሳሌው ከአገራችን ታሪክ የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩ በምጽዋ ነበር፤ «ኢትዮጵያ» የተባለውንም ትልቅ መርከብ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ አገኘ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ግን ከጥፋት የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች መንግሥት ስትሆን ወደቡ ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። እንደ ገና የማቋቋሙ ዐሳብ በ2010 ዓ.ም. በመንግሥት ተገለጠ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ስምምነት ተፈረመ።

እንግዲህ ዘመኑን እንቍጠር። በ1983 ዓ.ም. የ35 ዓመት መኰንን የነበረ ሰው በ2011 ዓ.ም. 63 ዓመት ሆኖታል፤ ይኸውም የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከሚወጣበት ከ60 ዓመት ያለፈ ነው። በ1956 ዓ.ም. በተቋቋመው በንግድ መርከባችን በኩል ሥራው ስላልተቋረጠ፥ ሽማግሌው ለወጣቱ በዚያው በመርከቡ ላይ ሳለ ሊያስተላልፍ ችሏል። በባሕር ኃይሉ በኩል ግን ሰንሰለቱ ተበጠሰ። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ ማዕበል በተነሣ ሌሊት ሠራተኛውን በምን ቃል እንደሚያረጋጉት ግን የሚገኘው ካየው ሰው አፍ ነው። ያ ሰው ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ስሕተት ይታየናል። የመጀመሪያው የሽማግሌው ነው፤ ይኸውም በክብር መጋበዙን እንደ ሹመት ቈጥሮ መሪውን ልያዝ ማለቱ ነው። ሁለተኛው የአዲሶቹ ነው፤ ይኸውም ሽማግሌውን ከፊት አስቀምጠው፥ አጨብጭበውለት፥ ፎቶግራፍ አብረውት ተነሥተው፥ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁት መሸኘታቸው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ቶሎ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን አክብሮት ስለሚመስል አይታወቅም። ጉዳቱም የሚበልጠው ስለዚሁ ነው።

የመጀመሪያውን ስሕተት የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አባት ጥማዱን ለልጁ ሲያስረክብ የልጁ የመጀመሪያ ትልም ይጣመማል። አባትየው ከማሳው ዳር ቆሞ «እርፉን ጫን በለው፥ ልጄ፤ በሬውን መልሰው» ይላል። ሮጦ እርፉን ቢነጥቀው ግን በሬዎቹ በሁለት ድምፅ ይደናገራሉ፤ ልጁም ከዚያ ቀን በኋላ ትልሙን ትቶ የአባቱን ፊት እያየ የሚያርስ ይሆናል። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳልና የዛሬው ጠማማ ትልም በሚቀጥለው ይቃናል፤ የልጁ ልብ ግን እንዲህ በቶሎ አይቃናም።

«ባሕር እንደ ጤፍ ማሳ አይደለም፤ ከዐለት የተጋጨ መርከብ ሁለተኛ አይታረስም» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ስለዚህም ነው ምክር ጊዜውን ጠብቆ፥ ከጕዞው በፊት ሊሰጥ ያሻል የምንለው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤቱ ቢጐድል፥ ምሥጢሩ ቢላላ በዚያው ይታረማል፤ በጉባኤ የሚሰማው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ አዛዥም ሽማግሌውን የሚጠይቅበት ቀን የምረቃው ቀን አይደለም፤ መርከቡ ገና ሳይነቃነቅ፥ ካርታው ተዘርግቶ ሳለ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በምረቃው ቀን ሽማግሌው አደጋ ቢያይስ? ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊናገር ይገባዋል፤ «አልተጠየቅሁም» ብሎ ዝም ማለት ትሕትና አይባልም፥ ክዳት ነው። መሪውን ግን አይንካ። የሁለት ሰው የሆነ ትእዛዝ የማንም አይደለም፤ መርከቡም ቢሰበር ተጠያቂው አይታወቅም። የሰማውን ምክር የመቀበልም ሆነ የመተው ኃላፊነት የአዲሱ አዛዥ ነው፤ ንቆ ቢያጠፋ ግን «አላወቅሁም» የሚልበት አፍ አይኖረውም።

ይህ ነገር እኛን የመንግሥት ሠራተኞችንና መምህራንን ይመለከተናል። ቢሮ ስንረካከብ ወንበሩን፥ ሣጥኑን፥ ቍልፉንና መዝገቡን ቈጥረን እንፈራረማለን። ባላገሩ አቤቱታውን ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚያስፈራው፥ የትኛው ጕዳይ በደብዳቤ፥ የትኛውስ ሄዶ በማነጋገር እንደሚያልቅ ግን በርክክቡ ዝርዝር ላይ አይገኝም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ተረት አለን፤ እኛ ግን ሊቈጨው የሚገባው ሲሾም ያላስተማረው ነው እንላለን።

እንግዲህ ከሥራ የሚሰናበት ሰው ከመሄዱ በፊት አንድ ወር ያህል ከተተኪው ጋራ አብሮ ይቀመጥ፤ የሚያውቀውንም በቃልና በጽሑፍ ያስረክብ። ተተኪውም ይጠይቅ፥ ይጻፍ፥ ከዚያም በራሱ ኃላፊነት ይፍረድ። ይህ ከተደረገ ሽማግሌው በምረቃው ቀን ከፊተኛው ወንበር ሲቀመጥ ክብሩ እውነተኛ ይሆናል፤ መርከቡም ያለ እርሱ ሲሄድ እያየ ደስ ሊለው ይችላል።