የውኃ ወሰንና የኢጋፖ ደን

በኦሪት ዘፍጥረት ትረካ ውኃው በሦስተኛው ቀን ወደ አንድ ስፍራ ተሰብስቦ የብስ ይገለጣል፤ ዕፅዋትም ከዚያው የብስ ይበቅላሉ። ውኃ ወሰኑን መጠበቁ የፍጥረት ሥርዓት ተደርጎ ሲታሰብ፣ የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ አስፈሪነቱ ይህን ወሰን በማፍረሱ ነው። የብራዚሉ ሪዮ ኔግሮ በየዓመቱ እየሞላ የሚያጥለቀልቀውና «ኢጋፖ» የሚባለው ደን ግን ይህን አስተሳሰብ ይፈትነዋል።

በማናውስ ከተማ አቅራቢያ የወንዙ ከፍታ ሲጎድልና ሲሞላ በአማካይ 10 ሜትር ያህል ስለሚለያይ፣ በዝቅተኛው ስፍራ የበቀለ ዛፍ ከዓመቱ እኩሌታ የሚበልጠውን ጊዜ በውኃ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል። ውኃ የጠገበ አፈር ኦክስጅን ስለሚያጣ ሥር መተንፈስ ይሳነዋል፤ ዛፎቹ ግን አንዳንዶቹ ከግንዳቸው ተጨማሪ ሥር እያበቀሉ፣ ሌሎቹም ዕድገታቸውን ገትተው ወራቱን ያልፋሉ፤ ዕድገት የቆመበት ጊዜ በእንጨቱ ላይ ቀለበት ትቶ ስለሚሄድ ዕድሜያቸው በጎርፍ ይቆጠራል። ብዙዎቹ ፍሬያቸውን የሚያበስሉት ውኃው በሞላ ጊዜ ሲሆን፣ በቅርንጫፍ መካከል የሚዋኙ ዓሦች ፍሬውን በልተው ከዘሩ ከፊሉን ሳያደቁት ወደ ሌላ ስፍራ ያደርሱታል (ዘር የሚዘራ ዓሣ ለደገኛ አንባቢ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም)።

ጎርፍ ለአንዱ ጥፋት፣ ለሌላው በረከት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን አይበቃም። በኡዋቱማ ወንዝ ላይ የተሠራው የባልቢና ግድብ እ.ኤ.አ. በ1987 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ፣ ከግድቡ በታች ባለው ኢጋፖ ዝቅተኛ ስፍራዎች ውኃው የሚሸሽባቸው ወራት ጠፉ፤ ጎርፍን በመቻል የታወቀው ማካካሬኩያ የተባለ ዛፍም በውኃ መካከል እንደ ቆመ በብዛት ደረቀ። ዛፉም ውኃውም የቀድሞዎቹ ናቸው። ክፋት ራሱን የቻለ ህላዌ ሳይኖረው መገኘት የሚገባው በጎ ነገር መጉደል ነው የሚለው የአውግስጢኖስ ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል፤ የጎደለው የውኃው መሸሽ ነውና። እንግዲህ የሦስተኛው ቀን ወሰን በስፍራ ብቻ ሳይሆን በጊዜም የተሰመረ ነው ቢባል ከትረካው አያስወጣም፤ የጥፋት ውኃውም 150 ቀን ከበረታ በኋላ ጎድሏል።

ኖኅ ወደ መርከቡ ያስገባው ሰውንና እንስሳትን፣ ከምግባቸው ጋር ነው፤ ዛፍ እንዲያስገባ አልታዘዘም። ርግቢቱ በአፍዋ ይዛ የተመለሰችው ለምለም ቅጠል ግን የወይራ ነው፤ ወይራ ደግሞ ውኃ የሚያቁር መሬት የማይስማማው ዛፍ ነው።