የጎብኚ ዕዳ

በድሮው አማርኛ የሚጎበኘው የታመመ ሰው ነበር፤ የታሰረም ይጎበኛል። «እገሌ ተኝቷል አሉ፣ ሄደን እንጎብኘው» ሲባል፣ ሄያጁ ብርቱካን ቢጤ በእጁ ይዞ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ገብቶ፣ ከአልጋው አጠገብ ጥቂት ተቀምጦ ይመለሳል። ጉዞው ለተጎብኚው ሲባል የተደረገ ጉዞ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ሕዝቡን የሚጎበኘው ፈጣሪ ራሱ ነው። ዛሬ ቃሉ ፊቱን አዙሯል። የሚጎበኘው ሐይቁ፣ ግንቡ፣ የጎጆው ቅርጽ ሆኗል፤ ጎብኚውም የሚሄደው ለገዛ ዓይኑ ነው። ቃሉ ሲዞር ምን ይዞ እንደ ሄደ የገባኝ አርባ ምንጭ ሄጄ ነው።

አርባ ምንጭን ያላየ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ ልንገረው። ከተማዋ ሁለት ናት ቢባል ይቀላል፤ ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ከጨንቻ ወደ ቆላው ሲወርድ የከተማነት ወግ ያገኘች ናት። ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው በግራው ዓባያን፣ በቀኙ ጫሞን ያያል። ዓባያ ደለል ያደፈረሰው፣ ሸክላ የመሰለ ውኃ ነው፤ ጫሞ ይጠራል። በመካከላቸው ያለውን የምድር አንገት ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ብሎታል። ከማዶ የአማሮ ተራሮች፣ ከጀርባ የጋሞ ደጋ። በአድርያቲክ ባሕር ዳር ኮቶር የምትባል፣ ተራራ የከበባት፣ በግንብ የታጠረች ጥንታዊ የወደብ ከተማ አለች፤ ፎቶግራፏን ያየ ሰው ሴቻ ላይ ሲቆም ትዝ ትለዋለች። የሚጎድለው ግንቡ ነው፤ እሱንም ወደ ደቡብ ወርዶ ኮንሶ ላይ ያገኘዋል።

በዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ «ማየት ማንን ይጎዳል?» ብዬ ነበር። የታየ ነገር አያልቅም፤ ሐይቁን ሺህ ሰው ቢያየው ውኃው አይጎድልም። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። ግን ዓይን ብቻውን መጥቶ አያውቅም። ጣሊያናዊው ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 እዚህ ደርሶ ዓባያን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ አለው፤ ሐይቁ ስም አጥቶ የኖረ ይመስል በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ተጻፈ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ ላይ አጥኚዎች አንድ የሞተ ወፍ አግኝተው ክንፉን ይዘው ሄዱ። በ1995 በዚያው በአንድ ክንፍ አዲስ ዝርያ ነው ተብሎ ስም ወጣለት፤ የሳይንስ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው ክንፍ ብቻ መሆኑን ስሙ ላይ ጽፈውታል። እኔ ሁለት ቀን አድሬ «ጋሞን አየሁት» የምለው ሰውዬ ይህን ያህል ጨዋነት አልነበረኝም።

በማግሥቱ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቢሆንም ጠመዝማዛው ብዙ ነው፤ በየጠመዝማዛው ልጆች አሉ። መኪና ሲያዩ መንገዱ መካከል ገብተው ይጨፍራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ በእጃቸው ቆመው ይሄዳሉ። የመጀመሪያዎቹን አይተን ሳቅን፤ እኔም በመስኮት ብር ወረወርሁ። ከሁለት ኩርባ በኋላ አንድ የስምንት ዓመት ግድም ልጅ ከመኪናችን አፍንጫ ሥር ተገለበጠ። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ እንደ ምንም አተረፈው። ልጁ ተነሥቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ እጁን ዘረጋ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሰዓቱም የትምህርት ሰዓት።

እንግዲህ ማየት ምንም አይነካም የሚለው ክርክር እዚያ ኩርባ ላይ ቀረ። ከእኔ በፊት የወረወሩት ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ያ ልጅ የተገለበጠው እኔን ለመሰለ ሰው ነው።

«ታዲያ አትሂድ» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ይህም አይዋጥልኝም። ጎብኚ ሲመጣ የሚበላ፣ ሲቀር የሚራብ ቤተሰብ አለ። ለአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ብር ክፈል ሲባሉ «እንግዳ ተቀባይነታችን በገንዘብ ተለወጠ» እያሉ የሚያዝኑ የአዲስ አበባ ሰዎችም ሰምቼ አውቃለሁ። በበኩሌ ዋጋ መጠየቁ ክብር እንጂ ነውር አይመስለኝም፤ ፊቴ የእኔ ነው ማለት ነው። ቬኒስስ እ.ኤ.አ. በ2024 በተመረጡ ቀናት ለውሎ የመጣውን ጎብኚ 5 ዩሮ አስከፍላ አልነበረም? የዋጋ ችግሩ ሌላ ነው። የከፈለ ሰው ዕዳው ያለቀ ይመስለዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ተጎብኚው ለጎብኚው ሲባል ከቦታው የሚነሣ ጊዜ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በሐይቆቹ መካከል ያለውን ሜዳ ይዟል። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኮሬዎች እንዲለቁ ተደረገ፤ የጉጂዎች ጎጆዎች ተቃጠሉ። አስተዳደሩን የተረከበው የሆላንድ ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ጥሎ ሄደ። የሜዳ አህያውና ቆርኬው ጥበቃ ይፈልጋሉ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እኔ ከጀልባ ሆኜ አዞ ገበያ በሚባለው ዳርቻ አዞዎቹን ሳደንቅ፣ ከእይታዬ ውስጥ ማን እንደ ወጣ አልጠየቅሁም።

ኮንሶም ላይ ያለው ነገር እንዲሁ ያሳስበኛል። የእነ ቡሶና መጨቄ የድንጋይ ቅጥሮች ዙሪያ በዙሪያ ተደራርበው የተሠሩት መንደሩን ከጠላት ለመጠበቅ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሥፍራው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ደግ። ለሞቱ ጀግኖች የሚቆሙት ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች ግን እየተሰረቁ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ቅጥሩ ጦር ይመልስ ነበር፤ ሐውልት የሚያማምረውን ሰው አልመለሰም።

ወደ ዶርዜ ልመለስ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሸመን ነው፤ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ፊቱ ኩምቢውን የዘረጋ ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ዓመት በዓመት ያጥራል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ በትከሻው አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በየመካከሉ የቆርቆሮ ቤቶች ስላየሁ «ቅርሱ እየጠፋ ነው» ብዬ አዘንሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርሁ። እኔ ራሴ የምኖረው በቆርቆሮ ክዳን ሥር ነው፤ ምስጥ የማይበላው ቤት ለእኔ ተፈቅዶ ለእነሱ የሚከለከለው ዓይኔን ደስ እንዲለው ነው?

አንዲት እናት እንሰት እየፋቁ ነበር። ቆጮ በማርና በዳጣ አቀረቡልን። ምሥክር ሆኖ የመጣው የሰፈሩ ጎረምሳ ያስተረጉመናል።

«ልጄ፣ ከየት ነህ?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ ሽሮ ሜዳ ነው። ሸማ ይሠራል። ታውቀው እንደሆነ?»

ሽሮ ሜዳን አውቃለሁ። ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጋቢና ነጠላ የምገዛው እዚያ ነው፤ ዋጋ በማስቀነስም ጎበዝ ነኝ። ከነዚያ ሰዎች የአንዱን ስም እንኳ አላውቅም። የጋሞን ሰው ለማየት ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ተጉዤ፣ ለካ በየሳምንቱ ሳልፈው ኖሬአለሁ። በልጅነታችን ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን እንሰድብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አውጀው ነበር፤ አዋጁ ግን እስከ እኛ ሰፈር አልደረሰም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ጥቃት ሲደርስ ከተገደሉትና ከቤታቸው ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ፎቶግራፉን አገር አየው፣ እኔም አየሁት፣ አደነቅሁ። በዚያው ሳምንት ግን ሽሮ ሜዳ ወርጄ «ዘመድ ተጎድቶባችኋል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። እንደ ድሮው አማርኛ መጎብኘት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ስነሣ እማማ መልእክት ሰጡኝ። «ልጄን ካገኘኸው፣ ቤቱ በጣም አጥሯል፤ የሚያነሣ ትከሻ አነሰ በለው።» ስሙንም ነገሩኝ።

ከተመለስሁ ወዲህ ሦስት የሽመና ቤቶች ገብቻለሁ። በዚያ ስም የሚጠሩ አራት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ እናታቸው ሞተዋል፣ አንዱ ከሌላ መንደር ነው። አራተኛው ለበዓል ወደ አገሩ ሄዷል፣ ከጥምቀት በኋላ ይመለሳል አሉኝ። ከሽመና ጉድጓዱ ቀና ብሎ ይህን የነገረኝ ሰውዬ አስተውሎ አየኝና «አንተ ደንበኛችን አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። «ስምህ ማን ነው?» አለኝ።