የጎተራው ፈተና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ ፈታኙ ቀርቦ ድንጋዩን እንጀራ እንዲያደርገው እንደ ጠየቀው ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ በምዕራፍ 4 ጽፎልናል። ሰይጣን ስለ ምን አስቀድሞ በእንጀራ መጣ ቢሉ፣ አዳምን በመብል ድል ነሥቶት ነበርና በለመደው በር ገባ ብለው ሊቃውንት ይተረጕማሉ። ጌታም ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ ድል ነሣ። ይህን ትርጓሜ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እንሰማዋለን፤ ስለ ሰማነውም የምናውቀው ይመስለናል።

ነገር ግን ጌታ የተፈተነ በረኃብ ነው። እኛ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ባለው ገጠር የምንኖር ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የምንፈተን በጥጋብ ነው። ምድሩ ቸር ነውና፣ ዝናቡ በጊዜው ከጣለ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ስሙ የታወቀው የቡሬ በርበሬም እጅ ይሞላል። በታኅሣሥና በጥር ጎተራው ሞልቶ ሲታይ ፈታኙ በሌላ ቃል ይመጣል፤ እንጀራውን ድንጋይ አድርገው ይላል። ቆልፍበት፤ ሐምሌ ሲገባ፣ ድኻው የጎተራውን ግርጌ ጠርጎ ሲጨርስ፣ ያን ጊዜ በፈለግኸው ዋጋ ታወጣዋለህ ይላል። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 የተነገረው ባለጸጋ ሰርቆ ወይም ቀምቶ ተፈረደበት የሚል አናገኝም። እርሻው እጅግ አፈራለት፤ እርሱም አሮጌውን ጎተራ አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ፤ በዚያችም ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። እኛ ካህናት ይህን ምዕራፍ ስናነብ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ፈጠን ብለን የምናልፈው አንዳንድ ጊዜ ባለ ጎተራው ከፊታችን ቆሞ ስለምናየው ነው፤ ምናልባትም የሰበካ ጉባኤው አባል ነው።

ይህ ፈተና ራሱን ኃጢአት ብሎ አይጠራም። ልጆች አሉኝ፣ የነገውን ማን ያውቃል፣ ገበያው ራሱ እንዲህ ነው እያለ ይቀርባል። ሰው ይህን ከተቀበለ በኋላ ወደ ታች መውረዱ ቀላል ነው። በርበሬው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ክብደት እንዲጨምር ውኃ ይረጭበታል፤ ጤፉ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ የሚሰፈርበት ጣሳ ቂጡ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ይህንም የሚያደርግ ሰው ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም፣ በሰንበት የሚያስቀድስ ክርስቲያን ነው። በምኵራብ ሰንበት ጌታ የለዋጮችን ገበታ እንደ ገለበጠ ሲነበብ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ይሰማል፤ በማግስቱም ያንኑ ጣሳ ያነሣል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? ሐሳብን በሐሳብ ብቻ መዋጋት አድካሚ ነው፤ እጅ ሲሠራ ግን ልብ ይከተላል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ከደነገገ በኋላ አስከትሎ ስለ ምጽዋት መደንገጉ ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም ቀን ያልበላኸው ምሳ ለማን ሆነ? በቤትህ ከቀረ ጾምህ ቁጠባ ሆነ ማለት ነው፤ ቁጠባም መልካም ነገር ነው፣ ነገር ግን አሕዛብም ይቆጥባሉ።

የጎጃም ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔውና የመጻሕፍቱ ትምህርት ያለ በጀት ይህን ያህል ዘመን የቆየ በማን እህል ነው? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻውን በበትሩ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ ያሳደገች ቁራሿን የከፈለች የገጠር እናት ናት። እኔም በቡሬ ገጠር ከለመንሁባቸው ደጆች ብዙዎቹን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ሦስት ጎተራ ካለበት ግቢ ውሻ ይፈታብን ነበር፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ካለችው ጎጆ ግን አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ይግለጥልህ» ብለው ከምጣዱ የወጣውን ትኩስ እንጀራ እኩሌታ ሰጡኝ። በዚያ ቀን የጋገሩት ያን ብቻ እንደ ነበር በኋላ ከጎረቤት ሰማሁ።

የእመቤታችን ስም ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። 78 ነፍስ ያጠፋው በላዔ ሰብእ ስለ ስሟ በሰጠው ጥርኝ ውኃ እንደ ዳነ በተአምረ ማርያም ይነበባል፤ በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓልም በየደብሩ ይተረካል። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ዓመት ሙሉ በሚዛን የሰረቀውን በአንድ ቀን ዝክር ሊያካክስ ያስባል። ይህ ቃል ኪዳኑን ለንግድ ማዋል ነው። ያ ሰው ጥርኟን ውኃ የሰጠ ምሕረትን ሽቶ ነው እንጂ በማግስቱ ወደ አመሉ ሊመለስ አስቦ አይደለም። ዘኬዎስም ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች በሰጠ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ እንዲመልስ ቃል ገብቷል። በጎዶሎ ጣሳ የተወሰደ እህል ለባለቤቱ ይመለስ፤ ምጽዋት ከራስ ገንዘብ ነው።

ሌላው ፈተና ጥቂት ከበር ያለ ነው። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን የሰጠው ሰው ስሙ በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ካልተጠራለት ቅር ይለዋል፤ እኛም ገንዘቡ እንዳይቀር ብለን አራተኛ እንጠራለታለን። ድኻው በይሉኝታ በሬውን ሸጦ ወይም አራጣ ተበድሮ ተዝካር ያወጣል። በድግሱም ካህናትና ባለጸጎች ቀድመን ተቀምጠን እንበላለን፤ ነዳያን ከአጥር ውጭ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ጌታ ብድር ሊመልሱልህ የማይችሉትን ጥራ ያለው ስለዚህ ስለ እኛ ማዕድ ነው ብል አልተሳሳትሁም።

ይህ ሁሉ ዛሬ የከበደ የሚሆነው ዘመኑ ስለ ከፋ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ጦርነት ገብቶ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ፍኖተ ሰላም የስሟን ትርጓሜ ተነፍጋ ሰንብታለች። በዚያው ዓመት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ምን ያህል እንደ ተጨነቀም አይረሳም። መንገድ በተዘጋ ቀን ጨው፣ ዘይት፣ የሕፃን መድኃኒት የያዘ ነጋዴ በልቡ የሚሰማውን ድምፅ እርሱ ያውቀዋል። ከወለጋ ተፈናቅለው ዓባይን ተሻግረው የመጡ ወገኖችም በመካከላችን አሉ፤ ሬሳቸውን ሳይቀብሩ የመጡ አሉባቸው። እነርሱን በቀን ሥራ ግማሽ ዋጋ ማሠራት፣ ለአንዲት ክፍል ቤት እጥፍ ኪራይ መጠየቅ ሕግ ላይከሰው ይችላል፤ የንስሐ አባት ግን ሊጠይቅበት ይገባል። ከድርጎ ይልቅ የሚጠቅማቸው በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ያለ ወለድ የሚሰጥ ዘርና ለአንድ ክረምት የሚታረስ ጥማድ መሬት ነው።

ስንት ልስጥ ብሎ የሚጠይቅ አለ። ለቤተ ክርስቲያን አሥራቱ የታወቀ ነው፤ ለድኻ ግን ቍጥር አልተቈረጠለትም፤ የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ቍጥሩን አፍርሶታልና። አንድ ባለ ብዙ እርሻ ሰው ይህን በጠየቀኝ ጊዜ፣ መጠኑን ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር፤ ከጎተራው ሲወጣ ግን አንተ አትስፈር፣ እማወራህ ትስፈረው አልሁት፤ እርሷ ከቁናው አፍ በላይ ትከምራለችና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።