ማልቀስ መስጠት ነውን?

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የተውጣጡ የአንድ የበጎ አድራጎት ክበብ አባላት ጉባኤያቸውን ሲያካሂዱ በአስተርጓሚነት ተቀጥሬ ነበር። የክበቡን ስም አልጠራም፤ የማወራው ጥፋት የእኔ እንጂ የእነርሱ አይደለምና። ጉባኤው እንደ ማንኛውም ጉባኤ ነው። ባንዲራዎች፣ ደረት ላይ የተደረደሩ ዓርማዎች፣ የዓመቱ ሪፖርት፤ ከዚያም ከሻይ ዕረፍት በፊት «አነቃቂ ንግግር» የሚሉት ክፍለ ጊዜ።

ተናጋሪዎቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ከሊስትሮነት ተነሥቶ የፋብሪካ ባለቤት የሆነ ሰው ነው፤ ብዙ አሳቀን። ሁለተኛውን ረስቼዋለሁ። (ይህ ራሱ ስለ አነቃቂ ንግግር አንድ ነገር ሳይናገር አይቀርም።) ሦስተኛዋ ከደቡብ ጎንደር ገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ እናት ነበሩ። አስተዋዋቂው «የዓይናቸውን ብርሃን መልሰው ያገኙ» ብሎ አቀረባቸው።

እውነቱ እንዲያ አልነበረም። የዓይን ማዝ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ የሚይዝ በሽታ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ጸጉሩ ብሌኑን ይፈትገዋል። የሠለጠነ ነርስ በወረዳ ጤና ጣቢያ ሊሠራው የሚችል አጭር ቀዶ ሕክምና ጸጉሩን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። የጠፋውን ብርሃን ግን አይመልስም። እኚህ እናት አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ከመጥፋት ተርፏል። ያገኙት እፎይታ ነው። ለአስተዋዋቂው ግን እፎይታ ሳያንስበት አልቀረም፤ መድረክ ድልን ይፈልጋል።

ሴትዮዋ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወረንጦ ከማተባቸው ጋር አስረው ይዞሩ እንደነበር፣ የምድጃ ጢስ እንዴት ያቃጥላቸው እንደነበር፣ ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ ሴት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እየቀረች ትነቅልላቸው እንደነበር ነገሩን። እኔም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መለስሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች መሐረብ ሲያወጡ አየሁ። እንዲህ ያለው ነገር አስተርጓሚን ያሰክራል፤ ቃል መምረጥ፣ ማሳመር ጀመርሁ።

በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «እኔስ ይመስገነው ዳንሁ። እኅቴና ጎረቤቶቼ ግን ወረንጦ ይዘው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ መጥቶ ሄደ። ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ንገሩኝና ልሂድ።»

እኔ የተረጎምሁት «እኔ ያገኘሁትን ብርሃን ሌሎችም እንዲያገኙ ተስፋዬ ነው» ብዬ ነው።

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። በጭብጨባው መሐል ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምን አሉ ልጄ? መቼ ነው አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በጣም ተደስተዋል እናቴ» አልኋቸው። «መደሰታቸውንስ አየሁ» አሉኝ፤ «እኔ የጠየቅሁ ቀኑን ነው።»

ለምን እንደዚያ አደረግሁ? ያን ጊዜ አልዋሸሁም ብዬ ነበር፤ ተስፋም አላቸውና። ቆይቼ ሳስበው ግን አዳራሹን ላለማሳፈር ነው። ሰው ሁሉ በስሜት በተነካበት ሰዓት ቀን ቁረጡ ማለት ልመና መሰለኝ። ልመና ደግሞ ለቅሶውን ያቋርጣል።

ዣን ዣክ ሩሶ በ1758 እ.ኤ.አ. ለዳላምበር በጻፈው ረዥም ደብዳቤ ቲያትርን የከሰሰው በዚሁ ነገር ነበር። ተመልካች በመድረክ ላይ ለሚያየው መከረኛ አልቅሶ ሲወጣ፣ ከኪሱ ምንም ሳያወጣ የሰውነት ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል ይላል። ሩሶ ነገር ማጋነን ይወዳል። ሆኖም የእርሱ ተዋናይ መከራውን የሚጫወት ሰው ነው፤ ከቲያትሩ በኋላ ልብሱን ለውጦ ይሄዳል። የእኛ ተናጋሪ መከራዋን ከቤቷ ይዛ መጥታ ይዛው ትመለሳለች። ቁስሏን አሳይታ ከፈለች፤ እኛ እንባችንን ሰጥተን ሒሳቡ የተዘጋ መሰለን። እንግዲህ ይህ ግብይት ፍትሐዊ ነውን?

ዳሩ ግን አነቃቂ ንግግርን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም። ሰኔ 30 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ሲዳር ፖይንት በተደረገው የላየንስ ክበባት ጉባኤ ላይ ሔለን ኬለር ተናግራ ነበር። 45 ዓመት ከሞላት ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ማየትም መስማትም የተሳናት ይህች ሴት መናገርን የተማረችው በብዙ ድካም ነው። አነጋገሯ ለአዲስ ጆሮ አስቸጋሪ ስለነበር፣ በየመድረኩ ቃሏን ለሕዝብ ትደግምላት የነበረችው መምህሯ አን ሰሊቫን ናት። (አን ሰሊቫን እንደ እኔ ብታሳምር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስባለሁ።) ኬለር በዚያ ቀን የሕይወቷን ታሪክ ተርካ አልተቀመጠችም። ሥራ ይዛ ሄዳለች፤ ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ተቋም ድጋፍ ትጠይቅ ነበር። ማኅበሩ የዓይነ ስውራንን ጉዳይ የራሱ እንዲያደርግ በግልጽ ጠየቀችው። ማኅበሩም ተቀበለ። በ1917 የተመሠረተው ላየንስ ዛሬ ከሁሉ በላይ በዓይን ሥራ የሚታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። በአማራ ክልል ከካርተር ማዕከልና ከጤና ቢሮው ጋር በዓይን ማዝ ላይ በተደረገው ዘመቻም እጁ አለበት።

ያችው ኬለር ሶሻሊስት በሆነች ጊዜ ግን ቀድሞ ያወደሳት የብሩክሊን ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ስሕተቷ ከአካል ጉዳቷ የመጣ ነው ብሎ ጻፈባት። ድህነትና ቸልተኝነት ዓይን እንደሚያጠፉ መናገር ጀምራ ነበርና! ጽናቷን ሲያደንቅ የነበረ ሰው ጥያቄዋን ሲሰማ ጆሮውን ደፈነ። ይህን ሳነብ ራሴን አየሁት።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ አልቃሽ ትቆማለች። የሟችን ደግነት እየጠራች፣ ሙሾ እያወረደች፣ ድንጋይ የሆነውን ልብ ሁሉ ታላውሳለች። ይሁን እንጂ ቀብሩ በእርሷ ላይ አልተጣለም። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ለሐዘንተኛው ገንዘቡን ቆጥሮ የሚያስረክበው እድር ነው። የእድር ዳኛ አባሉን «ልብህ ተነክቷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ስሙን ይጠራል፤ ያልመጣውን ይቀጣል። ብዙ ዘመን ይህን ከአነቃቂ ንግግር ሁሉ የበለጠ ሥነ ምግባር አድርጌ እቆጥረው ነበር። ስሜት ይመጣል ይሄዳል፤ መዝገብ ይቆያል።

አሁን ግን በዚህ ሐሳቤ ላይ ጥርጣሬ ገብቶኛል። የእድር መዝገብ የሚያውቀው አባሉን ብቻ ነው። የደቡብ ጎንደሯ እናት በእኔ ሰፈር እድር ውስጥ ስም የላቸውም፤ ወርኃዊ መዋጮ አልከፈሉም፤ የዓይናቸው ሕመም ከእኔ ጋር በምንም ውል አልተሳሰረም። ሰሚ ፊት ቆመው እስኪናገሩ ድረስ ለእኔ አልነበሩም ማለት ይቻላል። ባዕድ ሰው ወደ ግዴታዬ ክልል የሚገባበት በር አንድ ሰው ተነሥቶ ሲናገር የሚከፈት ይመስለኛል። አዳራሹ በማልቀሱ አልፈርድበትም፤ በሩ ተከፍቶለት ነበር። በደጁ ላይ ቆሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ያ እንባ ለሴትዮዋ ነበርን ወይስ ለእኔ ትርጉም? እስከ ዛሬ ይህን መለየት አልቻልሁም።

በሻይ ዕረፍት ላይ ከአባላቱ አንዱን፣ አንድ ናይሮቤ ነኝ ያለ ሽማግሌ፣ ጠጋ ብዬ ሴትዮዋ የተናገሩት እንደተረጎምሁት እንዳልነበረ ነገርሁት። ስኒውን አስቀመጠ። «እዚያው ለምን አላልህም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ እርሳቸው ይዤው ሄድሁና የሚለውን ቃል በቃል ተረጎምሁ፤ ቀኑን እኔ አላውቅም፣ የሚያውቀውን ሰው ግን ዛሬ አገኘዋለሁ፣ እነማን እንደሆኑ ንገሩኝ አለ።

እርሳቸውም ቀበሌያቸውን ተናግረው ጎረቤቶቻቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ በስም በስም ይጠሩ ጀመር። ሽማግሌው እኔ ፊደል በፊደል ስነግረው፣ የተናጋሪዎቹ ስም በታተመበት የፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ስምንት ሆነው ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ዘጠኝ በለው ልጄ፤ እማሆይን ረስቻቸው።»