እርማት የማይጠላ አንደበት

ልጆቼ፣ የሰው አገር ቋንቋ ለመማር ደፋ ቀና ስትሉ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። አንዱ እንግሊዝኛውን ይዞ ፈረንሳይኛ ይጨምራል፤ ሌላው ጣሊያንኛ ይጀምራል። ላሊበላ እንግዳ የሚመጣባት አገር ናትና ይገባችኋል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ትጀምሩና ከመንገድ ትቀራላችሁ። ምነው ስትባሉ «አእምሮዬ አልቀበል አለኝ» ትላላችሁ። አእምሯችሁ ደኅና ነው፤ አንደበታችሁን የያዘው ሀፍረት ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲማር የኖረ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል። አንድ እንግዳ ቆሞ «ቤተ ጊዮርጊስ በየት በኩል ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ቢጠይቀው ግን በጣቱ አመልክቶት ያልፋል። ቃሉን አጥቶት አይደለም፤ ብሳሳት ይስቁብኛል ብሎ ነው። ቋንቋውን ሲጽፈውና ሲፈተንበት ኖረ፤ ሲሳሳትበት ግን አልኖረም።

መድኃኒቱን ከሩቅ አትፈልጉት። ዋድላ ጎረቤታችን ናት፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሟ የሚነሣው ያችው ዋድላ። እስቲ የቅኔ ቤቱን ነገር ልብ በሉት። ግዕዝን ከእናቱ አፍ የሰማ ተማሪ ዛሬ የለም። ሁሉም ለቋንቋው ባዳ ሆኖ ይገባል። ዳዊቱን እንደ ውኃ የሚያወርደው ልጅ እንኳ፣ ምን ማለት ነው ሲሉት ዝም ይላል። ያው ልጅ ቅኔ ቤት ከርሞ ሲወጣ ግን በግዕዝ ከእርሱ በፊት ማንም ያላለውን አዲስ ነገር ይናገራል።

እንዴት ቢሉ፣ ግስ ይይዛል፤ ቀን የሰማውን ማታ በቃሉ ይወጣዋል። እርባ ቅምሩን፣ አገባቡን ይማራል። ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ «ቃሉ ሁሉ ይሙላልኝና ያኔ እናገራለሁ» ብሎ አይቀመጥም። ባለችው ጥቂት ቃል ሁለት ቤት ብቻ ያላትን፣ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ይቆጥራል። ቆጥሮም ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ የኔታም ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙታል። ያዘነ ቢሆን እንኳ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ከሁለት ቤቷ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም እየሰፋ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው። መወድስ የደረሰውም ጉባኤ ቃና የጀመረውን ያስጠናል፤ ሲያስጠናም የራሱ ይጸናለታል።

ከዚህ ሁሉ እኔ እርማቱን አስበልጣለሁ። ቅኔ ቤት ውስጥ የታረመ ሰው ተዋረደ አይባልም፤ ያልታረመ ነው የሚያሳዝን። ከቅኔ ቤቱ አጥር ውጭ ግን አንዱ «እንዲህ ነው የሚባለው» ቢለው ሌላው ይቀየማል፤ አጠገብ ያለውም ይስቃል። እናንተ የምትስቁ፣ በልጁ አፍ ላይ መዝጊያ እየገጠማችሁ ነው። ያ ልጅ ነገ እንጀራ የሚበላበትን አንደበት ዛሬ በሳቅ አትቁረጡበት።

በሌላው ዓለምም የሆነው ይኸው ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ገና በወጣትነቱ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቃቅሞ ተማረ። መጽሐፉ ብቻውን አላጠገበውምና እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ አጠገብ ከነበረው የሐበሾች ማረፊያ ሄዶ የወሎን ምድር ሰው፣ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን አገር፣ እስከ ጎታ ተጉዘው አብረው ተቀመጡ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድ ቀንም ሳይረግጣት በ1661 የግዕዝን፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። ብዙ ያነበበ ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ባለቋንቋው ፊት እንደ ተማሪ ለመቀመጥ ግን አላፈረም። አባታችንም ከወገናቸው ርቀው፣ ታግሠው አስተማሩት። ትዕግሥት ከሁለት ወገን ካልመጣ ቋንቋ አይያዝም።

ሌላም አለ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ ሊጥ ቢያፈሱበት እንጀራው ይያዛል። ጆሮም ሳይሟሽ ምላስን ቢያስቸኩሉት ቃሉ ይጣበቅበታል። ስለዚህ ስልካችሁን ስትይዙ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን አትዝለሉ። አንዲት አጭር ንግግር መርጣችሁ ዜማዋ እስኪገባችሁ ደጋግማችሁ ስሟት፣ ድምፃችሁንም ከፍ አድርጋችሁ ተከተሏት። «በሦስት ወር አቀላጥፋለሁ» የሚለውን ተስፋ ተዉት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከእሑድ እስከ እሑድ ተረስቶ በአንድ ቀን ከሚታሸው ይልቅ በየማታው የምትደገመው ጥቂቷ ታድጋለች።

ይህን የምለው ያየሁት ስላለ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ተከትሎም የሰሜኑ ጦርነት እንግዳውን ሲያስቀርብን የብዙ አስጎብኚ ልጆቻችን ቋንቋ ዛገ። ማንንም አልወቅስም፤ የራበው ሰው ግስ አይገስስም። እርስ በርሳቸው ተቀምጠው ሲነጋገሩበት የቆዩት ግን እንግዳው ብቅ ሲል አልተደናገሩም። ቋንቋ ተናጋሪ እንጂ የግድ ፈረንጅ አይፈልግም።

በአንዳንዶቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጥቂት እንግሊዝኛ ሲያውቁ አማርኛቸውን ይቆራርጡታል፤ እናታቸውን እንኳ በቅልቅል ያናግራሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ለእንግዳው ስለ ቤተ ማርያም ሥዕል፣ ስለ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በራሱ ቋንቋ ልትነግረው የምትወድ ልጅ፣ አስቀድመህ ነገሩን በአማርኛ እወቀው። ካህናቱን ጠይቅ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ባዶ ነገር በአምስት ቋንቋ ቢነገር ያው ባዶ ነው።

ደግሞም ባሕር ማዶ ስትመለከቱ አጠገባችሁን አትዝለሉ። በሰሜን በኩል ዋግ አለ፤ ሰቆጣ ላይ አገውኛ ይነገራል። የዛጉዌ ነገሥታት አገዎች መሆናቸውን ለእንግዳ ትናገራላችሁ፤ ከመካከላችሁ ግን የዋግን ሰው በቋንቋው «እንዴት አደርክ» የሚለው ስንቱ ነው? እኔ ብጠየቅ ከፈረንሳይኛው በፊት ይህን አስቀድም ነበር። ገበያ ያገናኘናል፣ ጋብቻ ያገናኘናል፤ አርሞ የሚያስተምር ባለቋንቋም በደጃችን አለ፤ ክፍያም አይጠይቅም።

እንግዲህ የገና በዓል ሳይደርስ፣ እንግዳውም ሳይበዛ፣ ቋንቋ የገባችሁ አስጎብኚዎች እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጀማሪ ያዙ። ማታ ጥቂት ጊዜ ስጡት፤ በዚያች ሰዓት አማርኛ አይነገር። ሲሳሳት እስኪጨርስ ስሙትና ከዚያ አርሙት። ሴቶች ልጆችም አይቅሩ፤ ጓዳ የሚያቆያቸው ሥራ ካለ ወንድሞቻቸው ይካፈሏቸው። መቀመጫ ቦታ ከቸገራችሁ ለእኛ ለሽማግሌዎች ንገሩን፤ ቤት ያለውን ሰው እኛ እንለምናለን።